የነጠላ ዕቃ ምርትና የቶርኖ ቤቶቻችን ልኬት

ዕቃን ንብርብር በንብርብር እየደረበ ስለሚሠራው ስለ ስሪ ዲ ማተሚያ በተነሣ ቁጥር ውይይታችን ማሽኑን ከውጭ ስለ ማስገባት ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። አንዲት ነጠላ ዕቃ ሠርቶ ማስረከብ ለአዲስ አበባ አዲስ ሙያ አይደለም፤ በመርካቶና በተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ያሉ ቶርኖ ቤቶች የሚተዳደሩት በዚሁ ሥራ ነው። ከማሽን ይልቅ አጥብቆ የሚያስፈልጋቸው አንድ ጊዜ የለኩትን ልኬት የሚያስቀምጡበት ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ ጥርስ (ጊር) ተሰብሮበት የመጣ ዳቦ ጋጋሪ ምን እንደሚደረግለት እንመልከት። ባለሙያው ጥርሶቹን ይቆጥርና የውጭ ዲያሜትሩን ይለካል፤ ከዚያም በጥርሶቹ ብዛት ላይ ሁለት ደምሮ ዲያሜትሩን በዚያ ያካፍላል። ጥርሱ ቀጥ ያለ፣ ብዛቱ 40፣ ዲያሜትሩም 84 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 84 ለ42 ሲካፈል 2 ይመጣል፤ የጥርሱን መጠን የሚገልጸው ሞጁል የሚባለው ቁጥር ይህ ነው፣ መቁረጫውም የሚመረጠው በእርሱ ነው። ጫፉ የተበላ አሮጌ ጥርስ ግን 83 ሊያሳይ ይችላል፤ ያኔ ትክክለኛው መጠን 2 መሆኑን የሚያውቀው ዓይኑ የለመደ ሰው ብቻ ነው። ይህን ያህል ዕውቀት የፈሰሰበት ልኬት በካርቶን ቁራጭ ላይ ተጽፎ ሥራው ሲያልቅ ይጣላል፤ ተመሳሳይ ማቡኪያ ያለው ሌላ ደንበኛ ሲመጣ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል፣ ዋጋውም እንደገና ይከፈላል።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻክ ኸል ለስሪ ዲ ማተሚያ መነሻ የሆነውን፣ ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን ንብርብር በንብርብር የሚያጠነክረውን ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1986 በፓተንት ሲያስመዘግብ፣ ለናሙና ሲባል ውድ ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) የመሥራትን ግዴታ አስቀረ። የቅርጽ ማውጫ ወጪ በሺህ ዕቃዎች ላይ ሲከፋፈል ይቀላል፤ አንዲት ዕቃ ግን ብቻዋን አትችለውም። መሐንዲሱ አድሪያን ቦየር እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥራ ደግሞ የማተሚያውን ንድፍ ለማንም በነፃ ስለሰጠ ማሽኑ እየረከሰ መጣ። ዛሬ ለእያንዳንዱ ጆሮ ለብቻው የሚሠራው የመስሚያ መሣሪያ ሽፋን በብዛት የሚታተመው የጆሮው ልኬት በኮምፒውተር ፋይል ስለሚቀመጥ ነው። ማሽን በረከሰ ቁጥር ዋጋ ያለው ፋይሉ እየሆነ ይሄዳል።

ከፕላስቲክ የታተመ ጥርስ የማቡኪያን ጭነት ይሸከማል አልልም። ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የገባ ብረት ከመቆረጡ በፊት ልኬቱ ገጥሞ እንደሆነ በርካሽ ያሳያል፤ ብረቱ በየጊዜው ሲወደድ ለሚያይ ባለ ቶርኖ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ 5 ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና ሜክሲኮ አካባቢ ያለው የተግባረ ዕድ ኮሌጅ ለቶርኖ ቤቶች ክፍት የሆነ የመለኪያ ክፍል ቢያቋቁሙ፣ የብረት ጥንካሬም በዚያው ቢፈተሽ፣ ልኬቱም በፋይል ቢቀመጥ እላለሁ። ልኬቱን ያመጣው ባለሙያ ፋይሉ በተወሰደ ቁጥር ድርሻውን ማግኘት አለበት፤ ያለዚያ ማንም ዕውቀቱን አሳልፎ አይሰጥም፣ ባይሰጥም አልፈርድበትም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአዲስ ንድፍ ጥበቃ ስለሚሰጥ፣ ያረጀ መለዋወጫን ለክቶ መሥራት የት ድረስ እንደሚፈቀድ የሕግ ባለሙያዎች ከጅምሩ በግልጽ ቢያስረዱ ኋላ ክርክር አይነሣም። ሥራው ሲጀመር ቅድሚያ ለዳቦ ቤትና ለወፍጮ ቤት ማሽኖች ቢሰጥ መልካም ነው፤ እነርሱ በቆሙ ቀን ሰፈሩ ዳቦና ዱቄት ያጣልና።