ክርክር፦ ከማሳ የሚቀዳ ነዳጅ ከቤንዚን ይሻላል?

ደጋፊ፦ ከጭስ ማውጫው ልጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ካርቦን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ተቀብሮ የኖረ ነው፤ አንዴ ከወጣ በእኛ ዕድሜ የሚመለስበት ጉድጓድ የለም። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ የሚሠራው ነዳጅ፣ ኤታኖልም ሲነድ ካርቦን ይለቃል። ግን የሚለቀው በቆሎው ወይም ሸንኮራው በቅርቡ ከአየር የሳበውን ነው፤ የተበደረውን መለሰ።

ተቃዋሚ፦ ወዳጄ፣ ብድር ካልክ ሒሳቡን ከማሳው ጀምረን እንተሳሰብ። በቆሎ ያለ ናይትሮጅን ማዳበሪያ እንደልብ አያፈራም፤ ማዳበሪያው ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ማዳበሪያ ከጠገበው አፈር ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይተናል፤ አንዱ ኪሎ በ100 ዓመት ስሌት ከ270 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያላነሰ ምድርን ያሞቃል። ትራክተሩ በናፍጣ ያርሳል። የተብላላውን ድፍድፍ የሚያነጥረው ቦይለርም ብዙ ጊዜ የሚነደው በጋዝ ነው። ይህ ሁሉ ተደክሞ የሚገኘው አንድ ሊትር ኤታኖል፣ ጉልበቱ ከቤንዚን በሲሶ ያንሳል።

ደጋፊ፦ በቆሎ በቆሎ እያልክ ሸንኮራን ዘለልከው። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሸንኮራ ኤታኖልን ይዛዋለች፤ ተጨምቆ የቀረው አገዳ እዚያው ቦይለሩን ያነዳል፣ መብራትም ያመነጫል። ደግሞስ የነዳጅ ዘይትን ጉድ ለምን ትሸፍናለህ? እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የዲፕዎተር ሆራይዘን መቆፈሪያ ሲፈነዳ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም 87 ቀን ፈሰሰ። ኤታኖል ባሕር ላይ ቢደፋ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ የወፍ ላባ ላይ አይለጠፍም።

ተቃዋሚ፦ ባሕረ ሰላጤውን ማንሳትህ ጥሩ። እዚያው ውሃ ውስጥ በየበጋው ኦክስጅን ያለቀበት ሰፊ ቦታ ይፈጠራል፤ መሸሽ የቻለ ዓሣ ይሸሻል፣ ያልቻለ ፍጡር ይሞታል። ዋናው መነሻው ከእርሻ፣ በተለይም ከበቆሎ ማሳ ታጥቦ በሚሲሲፒ ወንዝ የሚወርድ ማዳበሪያ ነው። የአሜሪካ በቆሎ ደግሞ ከሲሶ በላዩ ኤታኖል ፋብሪካ ይገባል። ዘይቱ ለ87 ቀን ፈሰሰ፤ ማዳበሪያው ግን በየዓመቱ ይወርዳል።

ከሁሉ የሚብሰው መሬቱ ነው። ማሳው ለነዳጅ ታንክ ከዋለ የሚበላው እህል ሌላ ቦታ ይዘራል፤ ሌላው ቦታ ደግሞ ደን ወይም ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ረግረጋማ ደን ደርቆ ለባዮዲዝል (ከአትክልት ዘይት ለሚሠራ የናፍጣ ምትክ) ፓልም የተባለው የዘይት ዛፍ ቢተከልበት፣ የተለቀቀውን ካርቦን ለማካካስ ከ400 ዓመት በላይ እንደሚፈጅ አስልቷል።

ደጋፊ፦ በፓልሙ አልከራከርህም፣ ረትተኸኛል። ግን ጥፋቱ የመንጣሪው ነው። ድሮ በታረሰ መሬት ላይ የሚበቅል ሸንኮራስ?

ተቃዋሚ፦ ድሮ የታረሰው መሬት ላይ ምን ይበቅል ነበር? ደግሞ አብዛኛው ተክል ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አያጠራቅምም፤ የፀሐይ ፓኔል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይይዛል።

ደጋፊ፦ አህጉር የሚያቋርጥ አውሮፕላን በፓኔል አይበርም። ታንኩ ውስጥ ምን ልቅዳ?

ተቃዋሚ፦ ያገለገለ የምግብ ዘይት። መሬት አይሻማም።

ደጋፊ፦ እሱስ ስንት ታንክ ይሞላል?