ክርክር፦ ራሽ ሊምቦ ዘረኛ ንግግር ተናግሯል የሚለው ክስ ተገቢ ነው?

ወግ አጥባቂው የፖለቲካ ተንታኝ ራሽ ሊምቦ ከ1988 ጀምሮ በ2021 እስኪሞት ድረስ በመላው አሜሪካ የሚደመጥ የሬዲዮ ዝግጅት ነበረው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2020 የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳሊያ ሲሸልሙት ደጋፊዎቹ ስሙ በሐሰት እንደጠፋ፣ ነቃፊዎቹ ደግሞ አንደበቱ ራሱ እንዳጋለጠው ተናግረዋል። ሁለት ጸሐፊዎች ጉዳዩን እንዲህ ተሟግተውበታል፤ «ደጋፊ» ክሱን ይደግፋል፣ «ተቃዋሚ» ክሱን ትቃወማለች።

ተቃዋሚ፦ በ2009 ከሆነው ልነሣ። ሊምቦ የሴንት ሉዊስ ራምስን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ለመግዛት ከተሰባሰቡት ባለሀብቶች አንዱ ነበር። ወሬው እንደተሰማ ሁለት ጥቅሶች በስሙ ተሠራጩ። አንዱ ባርነትን ያሞግሳል፤ ሌላው የማርቲን ሉተር ኪንግ ገዳይ ጄምስ ኧርል ሬይ ሜዳሊያ ይገባዋል ይላል። ሊምቦ ሁለቱንም አልተናገርኩም አለ። መቼና በየትኛው ዝግጅት እንዳላቸው ማሳየት የቻለ ሰው አልተገኘም። የሲኤንኤኑ አቅራቢ ሪክ ሳንቼዝም ያስተላለፈውን ጥቅስ እንዳላጣራ አመነ። ሊምቦ ግን በዚያው ሰሞን ከገዢዎቹ ቡድን ተወገደ። እንዲህ ያለ ክስ በሰው ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ድምፁ የት አለ ተብሎ ነው።

ደጋፊ፦ እህቴ፣ ስለ ሁለቱ ጥቅሶች አልሟገትዎትም፤ ሐሰት ናቸው። ድምፁ የት አለ ላሉት ግን መልስ አለኝ። በጥር 2007 በራሱ ዝግጅት ላይ፣ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ጨዋታ ብዙ ጊዜ ብለድስና ክሪፕስ መሣሪያ ሳይዙ የሚገጥሙበት ይመስላል ብሏል። ብለድስና ክሪፕስ ከሎስ አንጀለስ የተነሡ የጥቁሮች የወንበዴ ቡድኖች ናቸው። አብዛኞቹ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾችም ጥቁሮች ናቸው። ደሞዝ ተከፍሏቸው ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች ከነፍሰ ገዳዮች ጋር የተመሳሰሉት በምናቸው ነው? ከቆዳቸው ቀለም ሌላ የሚያገናኛቸው ካለ ያሳዩኝ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቆጣኝ የመስከረም 2009ኙ ነው። በኢሊኖይ ግዛት በቤልቪል ከተማ፣ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነጭ ተማሪ በጥቁር ተማሪዎች ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ፖሊስ መነሻው ዘር ሊሆን ይችላል ብሎ የነበረውን ብዙም ሳይቆይ አለዘበ። ልጁ የሚቀመጥበት ወንበር ሲፈልግ የተነሣ ጠብ ነበር። ሊምቦ ግን በኦባማ አሜሪካ ነጭ ልጆች ይደበደባሉ፣ ጥቁሮቹም ደስ ብሏቸው ይጮኻሉ ብሎ ለሚሊዮኖች ነገረ። የልጆችን ጠብ ወስዶ በአንድ ጥቁር ፕሬዚዳንትና በአንድ ሕዝብ ላይ ጫነው። ይህን የሰማ ነጭ ወላጅ በማግስቱ የልጁን ጥቁር የክፍል ጓደኛ በምን ዓይን ያየዋል?

ተቃዋሚ፦ የ2007ቱን ያለው ስለ ተጫዋቾች ሥርዓት አልባነት ሲያወራ መሆኑን ዘለሉት። ደግሞም ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት ማይክሮፎኑን ለጥቁሩ ኢኮኖሚስት ለዋልተር ዊልያምስ ሲያስረክብ ኖሯል። አውድ የተቆረጠበት ንግግር ምን እንደሚያደርስ ከሸርሊ ሸሮድ እንማር። በ2010 ወግ አጥባቂው የድረ ገጽ ጸሐፊ አንድሪው ብራይትባርት የንግግሯን ቁራጭ ቪዲዮ ለጠፈ፤ የግብርና ሚኒስቴር ባለሥልጣን የነበረችው ጥቁር ሴት በነጮች ላይ አድልዎ እንደፈጸመች ተደርጎ ከሥራዋ እንድትለቅ ተገደደች። ሙሉው ሲታይ ግን የምትተርከው ያን የአድልዎ ስሜት አሸንፋ አንድ ነጭ ገበሬ እንዴት እንደረዳች ነበር። ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቋት።

በ2003 በስፖርት ቴሌቪዥኑ በኢኤስፒኤን ላይ ያለውም እንዲሁ በአውዱ መሰማት አለበት። የፊላደልፊያው ኳርተርባክ (የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ ተጫዋች) ዶኖቫን ማክናብ ከልክ በላይ ይሞገሳል፣ ሚዲያው ጥቁር ኳርተርባክ ተሳክቶለት ማየት ስለሚመኝ ነው አለ። ይህ በጋዜጠኞች ላይ የተሰነዘረ ትችት ነው። በቀናት ውስጥ ግን ሥራውን ለቀቀ።

ደጋፊ፦ ዊልያምስን ማስተናገዱ መልካም ነው፤ ስለ አውቶቡሱ ያለውን ግን አይሽርም። ማክናብ ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ተከታትሎ የሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች ለሚገናኙበት ለፕሮ ቦውል ተመርጦ ነበር። ቡድኑም ሁለት የውድድር ዘመን ከሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት ተሰናብቷል። በሜዳ ያስመዘገበውን ትቶ ምስጋናውን በቀለሙ ምክንያት ያገኘው ማለት ተጫዋቹንም ይነካል፤ ጋዜጠኞቹን ብቻ አይደለም።

የሸሮድን ነገር ስላነሡ አመሰግናለሁ። ሙሉው ንግግር እሷን ነፃ አወጣት። የሊምቦን የአውቶቡስ ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢያዳምጡት ትርጉሙን የሚቀይር ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ?

ተቃዋሚ፦ የአውቶቡሱን አልከላከልለትም፤ አስቀያሚ ነው። የማክናቡን ግን አልቀበልዎትም፤ ሚዲያ ለተጫዋች ያዳላል ማለት የስፖርት ተንታኝ የዕለት ሥራ ነው። የባርነቱና የጄምስ ኧርል ሬዩ ጥቅስ ደግሞ ሐሰትነታቸው ከታወቀ በኋላም በስሙ ሲዘዋወሩ አያለሁ። እነሱን ከክስ ዝርዝሩ ያውጡልኝና በቀሩት እንፋረድ።

ደጋፊ፦ ወጥተዋል፤ በእኔ በኩል ከመጀመሪያም አልነበሩም። በ2003ቱ ላይ እርስዎና እኔ አንስማማም። የ2007ቱና የአውቶቡሱ ግን በራሱ ድምፅ የተላለፉ ስለሆኑ፣ እኔ ክሱን የማቆመው በእነዚህ ላይ ነው።