ሲያልቅ ይወጣል

ጥቅምት 27 ለ28 አጥቢያ 2018፣ እኩለ ሌሊት አለፍ ሲል ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደውል ሰው ወይ ጠጥቷል ወይ መርዶ ይዟል፤ ጓደኛዬ ደግሞ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ነጠላዋን መፈለግ ጀምራለች።

«ሰማህ?» አለኝ። ድምፁ ተሰብሯል።

የታመሙ አጎት እንዳሉት ስለማውቅ «አጎትህ ናቸው?» አልኩት በቀስታ።

«አይ፣ እሳቸውስ ተሽሏቸዋል። ጂቲኤ ስድስት ተራዘመ።»

ባለቤቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ አጠገቤ ቆማለች። «ማን ነው?» አለችኝ። «ማንም አይደለም፤ ጨዋታ ነው» አልኳት። ነጠላዋን አጥፋ ወደ ቦታው የመለሰችበት ዝምታ ከለቅሶ ይከብድ ነበር።

ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ። ጂቲኤ ማለት «ግራንድ ቴፍት አውቶ» ሲሆን፣ መኪና እየሰረቁ፣ ከፖሊስ እየሸሹ፣ በሰፊ ከተማ ውስጥ እንዳሻቸው የሚኖሩበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ በአጭሩ እናቶቻችን ከቤት ስንወጣ «ከዚህ ተጠበቅ» ይሉን የነበረው ሁሉ በአንድ ላይ ተሰብስቦ የሚገኝበት ስፍራ ነው። አምስተኛው ክፍል የወጣው መስከረም 7 ቀን 2006 ነበር። ያኔ እኔና ጓደኛዬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ውስጥ ለአንድ ጆይስቲክ ተራ እየተጋፋን፣ የምሳ ገንዘባችንን በሰዓት ሒሳብ እንጨርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተመረቅሁ፤ ሥራ ያዝኩ፤ አገባሁ፤ ሁለት ልጆች ወለድኩ፤ ፀጉሬ ከግንባሬ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ጨዋታው ግን አምስት ቁጥር ላይ እንደቆመ ነው። ያው አምስተኛው ፕሌይስቴሽን 3 ለተባለው መጫወቻ ወጣ፤ ለ4 ወጣ፤ ለ5ም ወጣ። የታላቅ ወንድም ሹራብ ለሁሉም ታናናሾች እንደሚዳረሰው መሆኑ ነው። ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሲሸጥ ደግሞ አዲስ ሹራብ ለመሥራት ማን ይቸኩላል?

በነገራችን ላይ፣ አምስተኛው ከመውጣቱ በፊት በነበረው በ2005 ክረምት ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ነበር። ከቤቱና ከስድስተኛው ጨዋታ የትኛው እንደሚቀድም ከጓደኛዬ ጋር በክትፎ ተወራርደናል። ክትፎውን እስካሁን የበላ የለም።

የስድስተኛው የመጀመሪያ ማስታወቂያ ቪዲዮ የወጣው በህዳር 2016 ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከ90 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ፤ ከዚያ ውስጥ የጓደኛዬ ድርሻ ቀላል አይደለም። በመጨረሻው ላይ «2025» የሚል ቁጥር ብቅ አለ። እልል ስል እናቴ ከጓዳ ወጥታ ምን እንደተገኘ ጠየቀችኝ።

«ስንጠብቀው የነበረው ነገር በ2025 ሊወጣ ነው!»

በጣቷ ቆጠረች። «ታዲያ ገና ዘጠኝ ዓመት አለው አይደል እንዴ? ምን ያስጮህሃል?»

ያን ጊዜ ስቄባት ነበር። ሠሪዎቹ መጀመሪያ ወደ ግንቦት 18 ቀን 2018፣ በዚያች ሌሊት ደግሞ ወደ ህዳር 10 ቀን 2019 ሲገፉት ግን የእናቴ ሒሳብ መጽናኛ ሆነኝ። በእሷ አቆጣጠር በተባለው ቀን ቢያወጡት ስድስት ዓመት ቀድመው ደረሱ ማለት ነው። በዓለም ላይ ይህን የመሰለ መጽናኛ ያለን የጨዋታ አፍቃሪዎች እኛ ብቻ ነን።

የማራዘሚያው ምክንያት ማሳመር ነው። ጨዋታው ለእናንተ የሚገባውን ያህል እንዲያምር ጥቂት ወራት ስጡን ነው የሚሉት። ይህችን ንግግር ሳነብ የሆነ ቦታ የሰማኋት መሰለኝና ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ልብስ ሰፊዬ ናቸው። ለ2017 ፋሲካ ሙሉ ልብስ እንዲሰፉልኝ ጨርቅ ሰጥቻቸው «ለሆሳዕና ና» አሉኝ። በሆሳዕና ስሄድ እጅጌው ብቻ ቀርቶ ነበር። በስቅለት ቁልፉ ብቻ። ከፋሲካ በኋላ ሄጄ ስቆጣ መርፌያቸውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ «የኔ ልጅ፣ ልብስ ከተበላሸ አይመለስም፤ ሲያልቅ እደውልልሃለሁ» አሉኝ። ስልክ ቁጥሬን ግን አልጠየቁኝም።

የሚገርመው፣ ይህችው «ሲያልቅ» የምትባል ቃል በጨዋታው ዓለም ታሪክ አላት። «ዱክ ኑከም ፎርኤቨር» የተባለ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1997 እንደሚመጣ ተነገረ። መቼ እንደሚወጣ በተጠየቁ ቁጥር የሠሪዎቹ መልስ አንድ ነበር፤ «ሲያልቅ።» በውስጡ የሆነው ነገር የልብስ ሰፊዬን ምሥጢር ይገልጣል። ጨዋታ የሚቆምበት ውስጣዊ ፕሮግራም «ሞተር» ይባላል። እነዚያ ሰዎች በአንዱ ሞተር ጀመሩ፤ ዓመት ሳይቆዩ የተሻለ ሞተር ስላዩ ጥለው በሌላው ጀመሩ። እነሱ ሲሠሩ ዓለም አይቆምላቸውም፤ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል፣ የሌሎች ጨዋታ ያምራል፣ ትናንት ያስደነቀው ሥራቸው ዛሬ ያረጃል። ስለዚህ ይፈቱታል፤ እንደገና ይሰፉታል። በዚያ መካከል ደግሞ ጊዜ ያልፍና አዲሱም ያረጃል። የእኔም ሙሉ ልብስ እንዲሁ ነው፤ ልብስ ሰፊዬ በዘገዩ ቁጥር ሆዴ ይገፋል፤ ሆዴ በገፋ ቁጥር ወገቡን ይፈቱታል፤ በፈቱት ቁጥር ይዘገያሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዳኛ ቢቀመጥ አይለይም።

«ዋየርድ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ተወርቶላቸው ለማይወለዱ ምርቶች በየዓመቱ የሹፈት ሽልማት ይሰጥ ነበር። ዱክ ኑከም ደጋግሞ ቢያሸንፍ እ.ኤ.አ. በ2003 የዕድሜ ልክ ሽልማት ሸለሙትና ተገላገሉ። በ2009 ገንዘቡ አልቆ ሠራተኞቹ ተበተኑ። ጊርቦክስ የተባለ ሌላ ድርጅት አንስቶ ጨረሰው፤ ለግንቦት 2011ም ቀን ቆረጠለት። ከዚያስ? ወደ ሰኔ ተራዘመ! 14 ዓመት ለጠበቀ ሰው አንድ ወር ምን አላት ብለው ይሆናል። በመጨረሻ ወጣ፤ ገምጋሚዎች ቀምሰው ተፉት። እንቁላሉ ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ፤ የሄደው ግን ወደ ቆሻሻ መጣያ ነበር።

እኛ አፍቃሪዎቹም የዋዛ አይደለንም። ጨዋታው ሲጠፋ ምልክት ማንበብ እንጀምራለን። የጂቲኤ ወዳጆች ሠሪዎቹ በሚለጥፏቸው ሥዕሎች ላይ ያለችውን ጨረቃ ሙላቷንና ጉድለቷን ቆጥረው ሁለተኛው ቪዲዮ የሚወጣበትን ቀን አስልተው ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ አባቶች አበቅቴና መጥቅዕ ይዘው ፋሲካን ያገኙታል፤ ፋሲካም በተባለበት ቀን ይውላል። የእነዚህ ጨረቃ ግን ሞላች፣ ጎደለች፣ ምንም አልመጣም። ቪዲዮው የመጣው ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ መራዘሙ በተነገረ በአራተኛው ቀን፣ ያለ ጨረቃና ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ጓደኛዬ አሁንም በጨረቃዋ አልቆረጠም።

ከዚህም የሚብሱ አሉ። «ኤልደር ስክሮልስ» የተባለው ጨዋታ ወዳጆች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ስለ ስድስተኛው ክፍል አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ታይቷቸው ነበር። በቪዲዮው ላይ ያለው ተራራና ስም ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያንኑ ተራራ ሲመረምሩ ኖሩ። ራስ ዳሽንን እንኳ እንዲህ አገላብጦ ያየው ያለ አይመስለኝም።

ደግሞ ስንጮህ ብቻ እንጂ ሲሰጠን አናውቅበትም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አንድ ሰርጎ ገብ የጂቲኤ ስድስትን ወደ 90 የሚጠጉ የሥራ ላይ ቪዲዮዎች ሰርቆ በተናቸው። «እባካችሁ ትንሽ አሳዩን» ሲል የኖረው ሕዝብ ምን አለ? ከመካከላችን «ምስሉ አያምርም» ያሉ ተነሱ። ገና ሽንኩርቱ በሚቁላላበት ሰዓት የድስቱን ክዳን ከፍቶ «ይህ ምኑ ነው ዶሮ ወጥ?» እንደሚል እንግዳ ማለት ነው። እናቴ ብትሆን በማማሰያው ታስወጣው ነበር።

ተቸኩሎ ሲወጣም ይኸው ነው። «ሳይበርፐንክ 2077» እ.ኤ.አ. በ2012 ተነግሮለት በ2020 ብቻ ሦስት ጊዜ ተራዘመ። ሦስተኛው መራዘም የመጣው ሠሪዎቹ «አለቀ፣ ለኅትመት ደረሰ» ካሉ በኋላ ስለነበር ሕዝቡ አበደ፤ ሠራተኞቹን እንገድላለን ብለው የዛቱ አልጠፉም። ታኅሣሥ ላይ ሲወጣ በአሮጌዎቹ መጫወቻዎች ላይ የሚቆምና የሚዘጋ፣ ሰው ግድግዳ ውስጥ የሚሰርግበት ሆነ። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አውርዶ የገዢዎችን ገንዘብ መመለስ ጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ታዲያ ጥቅምት ላይ «ለምን ዘገያችሁ?» ያለውና ታኅሣሥ ላይ «ለምን ሳይበስል አወጣችሁ?» ያለው አንድ አፍ ነው። ያ አፍ የእኔም ነበር፤ አልክድም።

ሙያ በልብ ነው የሚባለውን የሚያውቁ የመሰሉኝ በአውስትራሊያ አደላይድ ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። «ሆሎው ናይት ሲልክሶንግ» የተባለውን ጨዋታቸውን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 አስታውቀው ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ ማለት ይቻላል። ወዳጆቻቸው በየጨዋታው ትርኢት ዋዜማ «ዛሬስ ይነገራል» እያሉ፣ ሳይነገር ሲቀር ራሳቸውን የሰርከስ አስቂኝ እያሉ ዓመታት አሳለፉ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2025 ወጣ፤ ሌሎች አነስተኛ ጨዋታ ሠሪዎች ከመንገዱ ዘወር ለማለት የራሳቸውን ቀን ቀየሩ፤ የሽያጭ መደብሮቹ በገዢ ብዛት ተጨናነቁ። ይህን ያህል የዘገዩበት ምክንያት ሲጠየቁ መልሳቸው ጠቅለል ሲል «ሥራው ደስ እያለን ነው» የሚል ነበር። ስድስት ዓመት ተኩል የጠበቀው ሕዝብ ግን ተጫውቶ ሳይጠግብ «በጣም ከበደን» ማለት ጀመረ፤ መጀመሪያ አካባቢ ያሉትን አንዳንድ ፍልሚያዎችም አቀለሉለት።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። በጉጉት የምጠብቀው ጂቲኤ ስድስት እንደሚወጣ የተነገረው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለአዲሶቹ ኤክስቦክሶች ነው። እኔ ያለኝ ከጌም ቤቱ ባለቤት ሲዘጋ የገዛሁት ፕሌይስቴሽን 3 ነው፤ እሱም ቴሌቪዥን ማስቀመጫው ላይ ዳንቴል ለብሶ የልጆቼን የክርስትና ፎቶ ተሸክሟል። ማለትም ጨዋታው ነገ ቢወጣ አልጫወተውም። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «ታዲያ ለምን ትናደዳለህ?» አለኝ። ለምን እንደምናደድ አሰብኩ። እኔና እሱ የምንገናኘው በዓመት ሦስት ጊዜ ነው፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ እና ጨዋታው ሲራዘም። በለቅሶ አይሳቅም፤ በሠርግ ሙዚቃው አያነጋግርም። ሲራዘም ግን አንድ ስኒ ቡና ይዘን እስኪመሽ ሠሪዎቹን እናማለን። ጨዋታው ባይመጣም ጨዋታ አላጣንም።

እሱስ ቆርጧል። ከህዳር 10 ጀምሮ የዓመት ፈቃድ ጠይቋል፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ሞልቷል። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ህዳር ሚካኤል ስለሆነ በመካከሉ ለዝክር አንድ ቀን ይቋረጣል። ዳግመኛ ከተራዘመ ደግሞ የዚያኑ ቀን ህዳር ሲታጠን የእኔን ፕሌይስቴሽን 3 ከሠፈሩ ቆሻሻ ጋር አብረን ልናቃጥለው ተስማምተናል።

ያ ስልክ በተደወለ ማግስት ከሥራ ስመለስ በልብስ ሰፊዬ በኩል አለፍኩ። ሙሉ ልብሴ ያለ ኮሌታ ተሰቅሏል። ፊቴን አይተው «ምነው የኔ ልጅ፣ የተጣላህ ትመስላለህ?» አሉኝ። ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ለዓመታት እንዳስጠበቁን፣ ሁለት ጊዜ እንዳራዘሙት፣ አሁን ደግሞ ለማሳመር ብለው ለህዳር 10 እንደቀጠሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። መርፌውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከከንፈራቸው አወጡና በሙያ ወንድማዊነት ዓይን አዩኝ።

«የየትኛው ዓመት ህዳር?» አሉኝ።