ኧረ ሲልከን መቀባት ይብቃን!

ምርር ብሎኛል። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ውሃ ስጨምቅ ነው የከረምኩት። ምክንያቱን ሳውቀው ደግሞ ንዴቴ እጥፍ ሆነ። እፍኝ የማይሞላ የበሰበሰ ቅጠል! በቃ፣ እሱ ብቻ። ይህችን ጠርጎ የሚጥልልኝ አንድ ሰው አጥቼ መኪናዬ ሻገተች።

መጀመሪያ ያስጠነቀቀኝ ጠረኑ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት፣ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲሰነብት የሚሸተው ዓይነት ሽታ ወጣ። መስታወቶቹ ከውስጥ በኩል ላብ አልቧቸዋል። የእግር ምንጣፉን በእጄ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። ምንም የለም ብዬ ነዳሁ። በሳምንቱ ጋቢና የተቀመጠችው እህቴ «ካልሲዬ ራሰ እኮ!» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን በጣቴ ጫን ሳደርገው ውሃው ከሥር ቡልቅ አለ።

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የመኪና ምንጣፍ ስስ ጨርቅ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አለው። ስፖንጁ ብዙ ሊትር ውሃ ይጠጣና ዝም ይላል። ላዩ በፀሐይና በማሞቂያ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ለሳምንታት እንደራሰ ይቆያል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ላዩን በፎጣ እየጠረግሁ «ዛሬስ ደረቀ» እላለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው መኪናዋን አንዴ ዞር ብሎ አያት። ውሃ አፍስሶ አልሞከረም። ምንጣፉን አላነሳም። የፊት መስታወቱን ዙሪያ ሲልከን ቀባና «አለቀ» አለኝ። ዘነበ፤ ያው ሆነ። ተመለስኩ። አሁን ደግሞ የበሩን ጎማ ዳር ዳር ቀባ። ዘነበ፤ ያው። በሦስተኛው «የጣሪያዋን መስኮት ዙሪያውን ልድፈንልህ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ መኪና እንደ ጀሪካን ግጥም ተደርጎ የሚታሸግ ዕቃ አይደለም። ውሃ በተወሰነ ቦታ እንዲገባበት፣ በተወሰነ ቦታ ደግሞ እንዲወጣበት ታስቦ ነው የሚሠራው። የጣሪያ መስኮቱን ውሰዱ። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግድም። የሚያልፈውን ውሃ የሚቀበል አሸንዳ ከሥሩ አለ። በብዙ መኪኖች አሸንዳው በአራቱም ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ከየቀዳዳው ቀጭን ቱቦ ይነሳና ጣሪያውን በተሸከሙት ምሰሶዎች ውስጥ ወርዶ ውሃውን ውጭ ያፈሰዋል። በሩም እንደዚሁ ነው። መስታወቱ በሚወርድበት ክፍተት ዝናብ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ ከታች ጠርዙ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ግርጌ ያለው ፕላስቲክ ሥርም እንዲሁ አሸንዳ አለ። ከፊት መስታወቱ የሚንዠቀዠቀው ውሃ እዚያ ይወርድና በጎንና በጎን መውጫ ያገኛል።

እንግዲህ መውጫው ሲደፈን ውሃው የት ይሂድ? ይሞላል እንጂ! የኔዋ የሆነችው ይህንኑ ነው። ማሞቂያውና ኤሲው አየር የሚስቡበት ቀዳዳ ያለው እዚያው መጥረጊያዎቹ ሥር ነው። ውሃው ከፍ ሲል በዚያ ቀዳዳ ገባ፣ ፊልትሮውን አራሰ፣ በፋኑ በኩል ወርዶ ጋቢናው እግር ሥር ተኛ። ሲልከኑ የተቀባው መስታወት ላይ፣ ውሃው የሚገባው በሌላ በኩል! ዕድሜ ልክ ቢቀቡት ምን ዋጋ አለው?

የበሩን የታች ቀዳዳ «ውሃ ያስገባል» ብለው የሚደፍኑም አሉ። እባካችሁ አታስነኳቸው። እሱ ሲደፈን ውሃው በሩ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል።

በመጨረሻ ራሴ ኮፈኑን ከፍቼ መጥረጊያዎቹን ነቀልኩ፤ ፕላስቲኩን አነሳሁ። ቅጠሉ ቅጠልነቱን ትቷል። ጥቁር ጭቃ ሆኗል። መሀሉ ላይ ጣት የምታህል ቡቃያ በቅላለች፤ ነጫጭ ሥሮቿ ጭቃውን እንደ መረብ ይዘውታል። ጭቃውን በእጄ ዘግኜ ሳወጣ ጥጉ ላይ የጎማ መውጫ አገኘሁ። አፏ እንደ ዳክዬ አፍ የተገጠመ ነው። ውሃ ሲመጣ ከፈት ብላ ታሳልፋለች፤ አለዚያ ዝግ ናት። የኔዋ ግን በደለል ተጣብቃለች። በሁለት ጣቴ ከንፈሯን ፈልቀቅ ሳደርጋት ውሃው ፏ ብሎ ከፊት ጎማው ኋላ መሬት ላይ ወረደ። ጥቁር ውሃ። ለረጅም ጊዜ ወረደ። እዚያው ቆሜ አየሁትና አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይኼ ለምን ይደበቃል? የመኪናዬ መመሪያ መጽሐፍ ዘይት መቼ እንደሚቀየር ይናገራል። የጎማ ንፋስ ልክ ይናገራል። ስለነዚህ አሸንዳዎችና ቱቦዎች ግን አንዲት መስመር የለውም። ዛፍ ሥር መኪና የሚያቆም ሰው ስንት ነው! ቅጠል እንደሚረግፍ መኪና ሠሪዎቹ አያውቁም? በእጅ የሚከፈት አንድ ክዳን ቢያደርጉለት ምን ነበረበት?

እናንተ እንደኔ እንዳትንከራተቱ፣ መጀመሪያ የውሃውን ዓይነት ለዩ። ሳይዘንብ፣ ኤሲ አብርታችሁ ከነዳችሁ በኋላ የሚርስ ከሆነ፣ ኤሲው የሚያንጠባጥብበት ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። የሚያጣብቅና ጣፋጭ ጠረን ያለው ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ ማሞቂያው እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ንጹህ ውሃ ሆኖ ከዝናብ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ወደ አሸንዳዎቹ ሂዱ። የጣሪያው ጨርቅ ጥጉ ላይ ቢጫ እድፍ ካወጣ፣ ወይም ፍሬን ስትይዙና ስትታጠፉ ውሃ ከላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ የጣሪያ መስኮቱን ቱቦዎች ጠርጥሩ። የራሰው በሩ ሥር ከሆነ ደግሞ ከበሩ የውስጥ ሽፋን ኋላ የተለጠፈውን ላስቲክ እዩት። ተቀዶ ወይም ማጣበቂያው ለቆ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ያልፋል። ለስፒከር ወይም ለመስታወት ሥራ በሩን የፈታ ሰው መልሶ ሳይለጥፈው ይዘጋዋል። ይኼም ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ነው።

ለመፈተሽ ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ሌላው ውሃ ያፍስስ፤ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ። አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ወደ ሌላው አይለፍ። ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉንም ያዳርሰዋል፤ በየት እንደገባ አታውቁትም።

የጣሪያውን ቱቦ ስታጸዱ በኮምፕሬሰር ንፋስ አትንፉት፤ ምሰሶው ውስጥ ከተሰካበት ይወልቅና ውሃው በሙሉ ወደ መኪናው ይፈሳል። ጠንካራ ሽቦም አትክተቱ፤ ቱቦውን ይበሳል። እንደ ሣር ማጨጃ ማሽን ክር ያለ ለስላሳ ናይለን ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አሸንዳው ላይ አፍስሱና መኪናው ሥር ተመልከቱ። ውሃው መሬት ላይ ካልታየ ሥራው አላለቀም።

ከሁሉ በላይ አንጀቴን ያሳረረኝ ግን ከምንጣፉ ሥር ያገኘሁት ነው። ብዙው ሽቦ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። በአንዳንድ መኪኖች ኮምፒውተሩም እዚያው ነው የሚቀመጠው። አንዱን ሶኬት ስነቅለው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ሰሞኑን የበሩ መቆለፊያ አንዳንዴ እሺ፣ አንዳንዴ እምቢ የሚለው ለካ ለዚህ ነው። ከመስታወት ዙሪያ የተቀባ ሲልከን ይህን ያድናል?

ወንበር ልትፈቱ ከሆነ ግን አደራ! መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ንቀሉ፤ ትንሽ ጠብቁ። ወንበሩ ሥር ያለው ቢጫ ሶኬት ብዙ ጊዜ የኤርባግ ነው። እሱ ተነቅሎ ሳለ የሞተሩን ቁልፍ አትክፈቱ። የኤርባግ ነገር ካስፈራችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ ምንጣፉን ግን ሳያነሳ እንዳይመልስላችሁ።

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ወለሉን በእጄ ዳበስኩት፤ ብረቱ ደረቅ ነው። ምንጣፉ ግን አሁንም ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ፋን ከተከፈተበት ስድስተኛ ቀኑ ነው። አሁን ይህን ስጽፍላችሁ እንኳ ስፖንጁን ብጨምቀው በጣቶቼ መሀል ውሃ ይወርዳል።