ዱስክሮል ይውጣ፣ ሬዲስቴት ይቆይ

የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ድረ ገጽ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ገጹ ዝግጁ እስኪሆን የሚጠብቅበት ኮድ ሥራው ቀላል ነው። ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን አንብቦ ሲጨርስ «አሁን ጀምር» ይላል፣ አለቀ። ለዚህም ዶምኮንቴንትሎድድ የሚባል ኢቨንት፣ ማለትም ብራውዘሩ የሚልከው ምልክት፣ አለ። ታዲያ በዚህ ኮድ ውስጥ ያ ሁሉ መስመር ከየት መጣ?

ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነዋ! እስከ 8ኛው ቨርዥን ድረስ ኢቨንቱን ጭራሽ አያውቀውም ነበር። ፕሮግራመሮች ታዲያ ዱስክሮል የሚባለውን ገጽ የማንሸራተቻ ትእዛዝ ደጋግመው መጥራት ጀመሩ። ስህተት ካመጣ ገጹ ገና ነው፤ ካላመጣ ደርሷል። ብልሃቱን አደንቃለሁ። 9ኛው ቨርዥን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢቨንቱን ይዞ መጣ፤ ግን በ9ኛውም በ10ኛውም ሬዲስቴት፣ ማለትም ገጹ የት እንደደረሰ የሚናገረው መረጃ፣ አንዳንዴ ገጹ ሳይደርስ «ደርሷል» ይል ነበር። ለዚህ ሲባል ጄኩዌሪ የሚባለው ላይብረሪ በ3ኛው ቨርዥኑ እንኳ ብራውዘሩ ዱስክሮል እንዳለው ያጣራ ነበር፤ ካለው አሮጌ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነውና ሬዲስቴቱን ቶሎ አያምነውም። ጄኩዌሪ 4 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 በታች ያሉትን ሲተው ማጣሪያውም አብሮ ወጣ።

ደግ አደረጉ። ብዙ ሰው የአሮጌ ብራውዘር ኮድ ይውጣ አይውጣ የሚለውን ክርክር የፋይል መጠን ላይ ያደርገዋል፤ ጥቂት መስመር በመቀነሱ ግን የማንም ገጽ አይፈጥንም። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም የማይሞክረው ኮድ ነው። ያንን ብራውዘር የሚከፍት ከሌለ መስመሩ ይሥራ አይሥራ በምን ይታወቃል? አዲስ የመጣ ፕሮግራመር ደግሞ ምክንያቱን ስለማያውቅ ሊነካው ይፈራል።

አሮጌ ብራውዘር የግድ የሆነበት ሰው የላይብረሪውን የድሮ ቨርዥን መጠቀም ይችላል። የደኅንነት ማስተካከያ ግን ለዘላለም እንዲመጣለት አይጠብቅ። ለውጡም በዋና ቨርዥን ይምጣ እንጂ በትንሽ ማሻሻያ ውስጥ ተደብቆ አይግባ።

አንድ ነገር ግን አብሮ እንዳይጠረግ እሰጋለሁ፤ ሬዲስቴትን የሚያየው መስመር። የድሮ ትርፍራፊ ይመስላል፣ አይደለም። ኢቨንቱ የሚመጣው አንዴ ብቻ ነው። በአሲንክ፣ ማለትም ገጹን ሳያስቆም ለብቻው፣ የተጫነ ስክሪፕት ዘግይቶ ከደረሰ ኢቨንቱ አምልጦታል፤ ቁጭ ብሎ የማይመጣ ነገር ይጠብቃል። የጻፈው ሰው ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ከካሽ፣ ማለትም ብራውዘሩ ቀድሞ ካስቀመጠው ቅጂ፣ ስለሚመጣ ሁሉም ሰላም ነው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ የሆነበት ተጠቃሚ ጋ ግን ገጹ ላይ ያለው በተን አይሠራም፣ ስህተትም አይታይም። ስለዚህ የአሮጌውን ኮድ ጽዳት ከማጽደቃችሁ በፊት ላይብረሪውን ገጹ ተጭኖ ካለቀ በኋላ አስገቡትና ሬዲ፣ ማለትም ገጹ ሲደርስ እንዲሠራ የተሰጠው ኮድ፣ ይጠራ እንደሆነ እዩ።