መድኃኒቱን የተላመደ ተባይ ዕዳ አለበት

የተባይ መድኃኒት ርጭቱ አልሠራ ሲል ገበሬው ደጋግሞ የሚሰማው ምክር “መጠኑን ጨምር” የሚል ነው። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ተባዩ መርዙን ለመቋቋም በራሱ ሕይወት ላይ የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ መጠን መጨመር ደግሞ ከዚያ ዋጋ ያሳርፈዋል።

ኮክና ድንችን የሚያጠቃውን አረንጓዴ ክሽክሽ እንውሰድ። የኦርጋኖፎስፌት መርዞችን የሚቋቋመው መርዙን አጥምዶ የሚይዝ ኢንዛይም በብዛት እያመረተ ነው። ኢንዛይሙን የሚያሠራው ጂን በአንዳንዶቹ ተባዝቶ እስከ 80 ቅጂ ይደርሳል፤ ኢንዛይሙም ከሰውነታቸው ፕሮቲን 1 በመቶ ገደማ ይይዛል። ለእንዲህ ያለች ደቃቃ ነፍሳት ይህ ከባድ ወጪ ነው።

ወደ ቅጠሉ ጀርባ ጠጋ ብለን እንይ። እንቁላሏን በሌላ ነፍሳት ውስጥ የምትጥል፣ እጯም ያን ነፍሳት በልታ የምታድግ ጥገኛ ተርብ መጥታ አንዷን ክሽክሽ ስታጠቃ፣ የተጠቃችው የአደጋ ሽታ ትለቃለች። ሌሎቹ የሚመጥጡበትን አፋቸውን ነቅለው ይሸሻሉ፤ አንዳንዶቹም ከቅጠሉ ላይ ራሳቸውን ይጥላሉ። መርዙን የተላመዱት ግን በእንግሊዝ አገር በተደረጉ ሙከራዎች ለዚህ ሽታ ዳተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ ተርቧ እንቁላሏን ትጥልባቸዋለች። በብርድ ወራትም የሚበሉት ቅጠል ሲጠወልግ ወደ ሌላ ለመሻገር ይዘገያሉ፤ ከቅጠሉ ጋር የሚረግፉት ብዙ ናቸው።

ርጭቱ ጋብ ካለ እንግዲህ ተርቧም ብርዱም ለገበሬው ይሠራሉ። መጠን ሲጨመር ግን ቀድማ የምትሞተው ተርቧ ናት። መርዙን ያልተላመዱት ክሽክሾችም አብረው ያልቃሉ፤ ለተላመዱት ተፎካካሪ የሌለበት ማሳ ይቀርላቸዋል።

በጥጥ ላይ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ አሪዞና ከ1996 ጀምሮ የቢቲ ጥጥ (ትል የሚገድል የባክቴሪያ መርዝ ራሱ እንዲያመርት ጂኑ የተሻሻለ ጥጥ) የዘሩ ገበሬዎች ከጎኑ ተራ ጥጥ ለመጠጊያነት ይዘሩ ነበር። የሮዙ የጥጥ ትል ያልተላመዱ የእሳት እራቶች እዚያ እየተባዙ ከተላመዱት ጋር ይዳቀላሉ። ጥጡ ራሱ የሚያመነጨው ጎሲፖል የተባለ መከላከያም የተላመዱትን ትሎች ከሌሎቹ አብልጦ ይጎዳል። ሮዙ የጥጥ ትል እዚያ ለዓመታት ሳይላመድ ቆየ። አብዛኛው ገበሬ መጠጊያውን ባልዘራበት በህንድ ግን ተላመደ።

ዕዳው ግን ለዘላለም አይቆይም፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። በአውስትራሊያ በጎችን የሚያጠቃው ዝንብ ዳያዚኖን የተባለውን መርዝ መቋቋም ሲጀምር መጀመሪያ ዕድገቱ ተጎድቶ፣ የአካሉ ግራና ቀኝም ተዛብቶ ነበር። መርዙ ለዓመታት ሳይቋረጥ ሲቀጥል ግን ጉዳቱን የሚሽር ሌላ ጂን በዝንቦቹ ዘንድ ተስፋፋ፤ መቋቋሙ ያለ ዋጋ ቀረለት።

ስለዚህ አንድ ዓይነት መርዝ ሳያቋርጡ ላለመርጨት፣ መድኃኒት ሲገዛ ከስሙ ይልቅ በብዙ መለያዎች ላይ የሚታተመው የአሠራር ምድብ ቁጥር ይታይ። ስማቸው የተለያየ ሁለት ጠርሙሶች አንድ ቁጥር ካላቸው ተባዩን የሚመቱት በአንድ መንገድ ነው፤ አንዱን የተላመደ ሌላውንም የመቋቋም ዕድሉ ሰፊ ነው።