ልክፈል ወይስ ልከራከር?

ጠረጴዛውን ከበው ከተቀመጡት አምስት ሰዎች ሦስቱ ከቶሮንቶ፣ አንዱ ከለንደን፣ አንዱ ከፍራንክፈርት የመጡ ናቸው። ወጣቱ የፍጥነት ቲኬቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ወረቀቱ "ከተፈቀደው በላይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር" ይላል። ልጁ የያዘው ጂ2 የሚባለውን የጀማሪ መንጃ ፈቃድ ነው።

"ክፈልና ሥራህን ሥራ" አሉ በታክሲ ሥራ ያረጁት የቶሮንቶው ሰው። "መንጃ ፈቃድህ ላይ ካለህ 15 ነጥብ ውስጥ 3ቱ ቢቀነስብህ ምን ትሆናለህ?"

ኢንሹራንስ ቤት የምትሠራው ሴት ሳቀች። "ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም። እኛ ባለንበት የካናዳ ክፍለ ግዛት፣ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ማንም 15 ነጥብ ተሰጥቶት አይጀምርም፤ ከዜሮ ተነስቶ በየጥፋቱ ነው የሚጠራቀመው። 15 የሞላበት ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው ነው ለ30 ቀን የሚታገደው። ጀማሪ ግን 9 ነጥብ ሲሞላበት ለ60 ቀን ይታገዳል። ይልቅ ይከራከር፤ መክፈል ማመን ነው። ከከፈለ ጥፋተኛ ተብሎ ይመዘገባል፣ ነጥቡም ይያዝበታል።"

"ከሙሉ ነጥብ ተነስተው የሚቀንሱም አሉ" አለ የፍራንክፈርቱ። "ፈረንሳይ 12 ትሰጥሃለች፣ ለጀማሪ 6 ብቻ። ጣሊያን 20። እኛ ጋ ጀርመን ወደ ላይ ነው የሚቆጠረው፤ 8 ሲሞላ ፈቃዱ ይነጠቃል። እስከ 5 ነጥብ ያለበት ሰው በፈቃዱ ሴሚናር ወስዶ 1 ነጥብ ያስነሳል፣ እሱም በ5 ዓመት አንዴ ብቻ።"

የለንደኑ ተከተለ። ብሪታንያ ውስጥ በ3 ዓመት 12 ነጥብ የሞላበት ሰው ቢያንስ ለ6 ወር ከመንዳት ይታገዳል፤ ፈተና ካለፈ 2 ዓመት ያልሞላው ግን 6 ነጥብ ከደረሰ ፈቃዱ ይሰረዝና እንደገና ይፈተናል።

ታክሲ ነጂው አልተረቱም። "እሺ ይከራከር። ግን ቀጠሮውን ያራዝመው፤ ነጥብ ሲቆይ ይጠፋል።"

እዚህ ላይ ክርክሩ በእውነት ጦፈ፤ ሁሉም የየአገራቸውን ሰዓት ነበርና የሚቆጥሩት። ኦንታሪዮ ነጥቡ መዝገብ ላይ የሚቆየው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ስለሆነ፣ ውሳኔው ሲዘገይ ነጥቡ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ብሪታንያ 12ቱ የሚደመሩት ከጥፋት ቀን እስከ ጥፋት ቀን ተቆጥሮ ነው፤ ማራዘም የሚያተርፈው የለም። ጀርመን ውስጥ ባለ 1 ነጥብ ጥፋት የሚሰረዘው ውሳኔው ከጸና ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው ነው፤ ስለዚህ ያራዘመ ሰው መሰረዣውን ራሱ ገፋው ማለት ነው።

"ፖሊሱ ካልመጣስ ክሱ ይዘጋ የለም?" ጠየቀ ወጣቱ።

"ሊዘጋ ይችላል፤ ዳኛው ሌላ ቀጠሮም ሊሰጥ ይችላል" አለች ሴትዮዋ። "የመኪናህ ቀለም ተሳስቶ ተጽፏል ብለህም አትመካ፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ፍርድ ቤቱ እዚያው ያርመዋል። ይልቅ ማስረጃውን ከዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በጽሑፍ ጠይቅ፦ የፖሊሱን ማስታወሻ፣ የመለኪያውን ዓይነት፣ ከፈረቃው በፊትና በኋላ ተፈትሾ እንደሆነ፣ መኪናህን ከየት ሆኖ እንደለካና በመካከል ሌላ መኪና እንደነበር። የመኪና ካሜራ ካለህ ቅጂው በላዩ ሳይቀረጽበት ዛሬውኑ አስቀምጠው።"

"ሌላ ሰው ነበር የሚነዳው ብልስ?"

የለንደኑ ሰው ፊቱ ተለወጠ። ብሪታንያ ውስጥ ካሜራ ሲይዝ ደብዳቤው የሚሄደው ለመኪናው ባለቤት ነው፤ ባለቤቱም በ28 ቀን ውስጥ ማን እንደነዳ ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ 6 ነጥብ አለ። የሐሰት ስም መስጠት ግን ከትራፊክ ጥፋት ያለፈ ወንጀል ነው። የቀድሞው ሚኒስትር ክሪስ ሂውን በ2003 የፍጥነት ጥፋት ነጥቡን ባለቤቱ ቪኪ ፕራይስ ስለወሰደችለት፣ በ2013 ሁለቱም የ8 ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ይህን ሁሉ ካወሩ በኋላ ነው ወጣቱ ዋናውን ነገር ያነሳው። "ፖሊሱ እኮ መጀመሪያ 38 ነበር ያለኝ። አዘነልኝና 29 ብሎ ጻፈው።"

"ምነው ይህን ቀድመህ ብትነግረን!" አለች ሴትዮዋ።

እኔ ፍርዴን የማቆመው እዚህ ላይ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ከ16 እስከ 29 ኪሎ ሜትር ያለፈ 3 ነጥብ፣ ከ30 እስከ 49 ያለፈ 4 ነጥብ ነው። ልዩነቱ 1 ነጥብ ቢመስልም፣ ጀማሪ ነጂ በአንድ ጥፋት 4 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ሲያዝበት፣ 9 ባይሞላበትም ለ30 ቀን ይታገዳል። ሙሉ ክርክር ውስጥ ከገባ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ አስቀድሞ አሳውቆ ክሱ ወደ ተለካው 38 ከፍ እንዲል መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ "ተከራከር" ያለችው ሴት ምክሯ ለሌላ ሰው ይሠራል፤ ለዚህ ልጅ ግን መለኪያው ላይ የሚጨበጥ እንከን ካልተገኘ አደጋ አለው። "ክፈል" ያሉትም ቸኩለዋል፤ በመክፈልና ችሎት በመቆም መካከል ሌላ በር አለና።

ቲኬቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ባለው 15 ቀን ውስጥ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር አስቀድሞ ለመነጋገር ቀጠሮ ይጠይቅ። 15ቱ ቀን ዝም ብሎ ካለፈ በሌለበት ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። ንግግሩ ላይ የሚጠይቀው ክሱ ከተፈቀደው በላይ ወደ 15 ኪሎ ሜትር እንዲወርድ ነው፤ በዚያ መጠን ነጥብ የለም። ካልተስማሙም ከዐቃቤ ሕጉ የጠየቀውን ማስረጃ አይቶ መወሰን ይችላል፤ 29ኙን ተቀብሎ ማቆምም አማራጭ ነው፤ ያኔ የሚመጣበት 3 ነጥብና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው።

ኢንሹራንሱ ሌላ ሒሳብ ነው፤ የከፈለ ጥፋተኛ ተብሎ ይመዘገባል ያለችው ሴትዮ እሱ ላይ ትክክል ናት። ኩባንያዎቹ የሚያዩት ጥፋተኛ መባሉን እንጂ ነጥቡን አይደለም። 29ኙ 15 ቢሆንለት ፈቃዱ ላይ ነጥብ አይያዝበትም፣ የጥፋተኝነት መዝገቡ ግን እዚያው ይቆያል። ኢንሹራንሱን የሚያድነው ክሱ ከነጭራሹ ሲነሳ ነው።

የፍራንክፈርቱም ሰው አንድ የሚጠቅም ነገር ተናግሯል፤ በጫጫታው መካከል ሰሚ አላገኘም እንጂ። ጀርመን ውስጥ ተቃውሞ የሚቀርበው የቅጣት ውሳኔው ከደረሰ በ2 ሳምንት ውስጥ ነው፤ የደረሰበትን ቀን ፖስተኛው የሚጽፈው ቢጫው ፖስታ ላይ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን አውጥቶ ፖስታውን የጣለ ሰው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጥር ይጠፋበታል።